«ሙቅ ያዢበት» የሚባለው ለየትኛው ሕመም ነው?

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲገባ የእናቶቻችን ጉልበት ቀድሞ ያውቀዋል። «ሙቅ ያዢበት» ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ለሁሉም ሕመም አይደለም።

ለቆየ ሕመም፣ ለተገተረ ጡንቻ፣ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ለሚል ጉልበት ሙቀት ጥሩ ነው። የደም ሥር ይሰፋል፣ ጡንቻው ይላላል። ዛሬ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ግን ሌላ ነው። ሙቀት ደም ስለሚስብ እብጠቱን ያባብሰዋል። የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት ቀዝቃዛ ነው የሚያዝበት። እባካችሁ በትኩሱ አትሹት።

ፎጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁት። መጀመሪያ በእጅ አንጓችሁ ሞክሩት፤ ከለበለበ ይቆይ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል አይሰማውም፤ ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው። መገጣጠሚያው ቀልቶና አብጦ ትኩሳት ካለ ደግሞ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።