ፕሬጎ ምንድን ነው?

ስለ ጣልያንኛው «ፕሬጎ» ሲነገር፣ «ግራትስዬ (አመሰግናለሁ) ሲሉህ ፕሬጎ ብለህ መልስ» የሚለው ምክር ትክክል ነው። የሚያበላሸው ተከትሎት የሚመጣው ነው፦ «"እባክዎ" ለማለትም ያው ፕሬጎ ነው።» አይደለም! ቡና ቤት ገብቶ «ኡን ካፌ፣ ፕሬጎ» የሚል ሰው የአስተናጋጁን ቃል ወስዶበታል። የሚባለው «ኡን ካፌ፣ ፔር ፋቮሬ» ነው። ጀርመንኛ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ የእነሱ «ቢተ» ለመጠየቂያም ለምስጋና መልስም ይሆናል።

«ፕሬጋሬ እኮ መለመን ነው፤ ፕሬጎ ደግሞ እለምናለሁ» ብሎ የሚከራከር አለ። የቃሉ ሥር እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ፕሬጎ ብቻውን ሲቆም ልመናነቱን ትቷል። ልመናው የሚመለሰው «ቲ ፕሬጎ» ሲባል ነው፤ ያኔም «በናትህ» የማለት ያህል ይከብዳል። ጨው ለማስቀበል አይባልም።

የተዘረጋ መዳፍ አስቡ። ወደ ወንበር ሲያመለክት፦ «ፕሬጎ፣ ሲ አኮሞዲ»፣ ይቀመጡ። ወደ በር ሲያመለክት፦ ይቅደሙ። ከባንኮኒው ጀርባ (ይህም ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው) ሲዘረጋ፦ ምን ልታዘዝ? ድምፁ ከፍ ብሎ «ፕሬጎ?» ሲባል መዳፉ ጆሮ ጥግ ደርሷል፦ አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ። እዚህም ቢሆን ተናጋሪው መድረኩን ለሌላው እየለቀቀ ነው። ከግራትስዬ በኋላ የሚመጣውም ያው መዳፍ ነው። ሁልጊዜ የሚጋብዝና የሚሰጥ ሰው እጅ ነው፤ ቡና የሚያዝ ሰው «ፕሬጎ» የማይለው ለዚህ ነው።

ለምስጋና መልሱ እሱ ብቻም አይደለም። «ዲ ኒየንቴ» ምንም አይደል ነው። ለቅርብ ሰው «ፊጉራቲ»፣ እርስዎ ለሚባል «ሲ ፊጉሪ» ይባላል፤ «ኧረ ምን ሲደረግ» እንደማለት ነው። ፊጉራቲ ሲባል የድምፁ ጫና የሚያርፈው «ጉ» ላይ ነው፤ ጫናው «ራ» ላይ ካረፈ ቃሉ ተለውጦ «ምሳሌያዊ» የሚል ቅጽል ይሆናል። ባለሱቅ ሲያመሰግናችሁ ደግሞ «ግራትስዬ ኣ ሌይ» በሉ፤ ለ«እግዜር ይስጥልኝ» «አብሮ ይስጠን» ብሎ እንደመመለስ ነው። «ሌይ» ማለት እርስዎ ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 (እ.ኤ.አ.) በ«ቮይ» (እናንተ) ሊተካው ቢሞክርም አልተሳካለትም፤ ቮይ ለአክብሮት ዛሬም በደቡብ ጣልያን ይሰማል።

ግብዣ ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቡና ሲቀርብላችሁ «ግራትስዬ» ብቻ ካላችሁ ብዙውን ጊዜ እንደ እሺታ ይወሰዳል፤ በፈረንሳይኛ «ሜርሲ» ብቻውን እንቢታ ሊሆን ይችላል። የማትፈልጉ ከሆነ «ኖ፣ ግራትስዬ» በሉ። መጨረሻውም «ዬ» ነው፤ «ግራዚ» የሚባል ምስጋና በጣልያንኛ የለም።