የሐኪሞች ስምምነት፦ ከቦሩ ሜዳ እስከ ዴልፊ

ደሴ አጠገብ ያለችው ቦሩ ሜዳ ዛሬ የምትታወቀው በሆስፒታሏ ነው። በ1870 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን እዚያ ሰብስበው የቆየውን የሃይማኖት ክርክር ቋጭተዋል። ንጉሡ ባሉበት ተከራከሩ፣ ንጉሡ ባሉበት ተፈረደ። ትልቅ ሰው በተቀመጠበት ጉባኤ ሁሉም የልቡን ይናገራል ማለት ይከብዳል።

ሕክምናም ይኸው ጣጣ አለበት። ጥናት ያልመለሰው ጥያቄ ሲያጋጥም ባለሙያ ይጠየቃል። ባለሙያዎቹ አንድ ክፍል ከገቡ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ለዚህ መላ ከሚባሉት ዋናው ዴልፊ ነው፤ ባለሙያዎችን ሳይሰበስቡ በየግላቸው በዙር የሚጠይቅ ዘዴ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ራንድ በተባለው የአሜሪካ ተቋም ኖርማን ዳልኪና ኦላፍ ሄልመር ለጦር ጉዳይ ሞከሩት። የመጀመሪያዎቹ ተጠያቂዎች 7 ነበሩ። ስሙ የመጣው ከጥንቷ ግሪክ የጠንቋይ ቤት ነው፤ ለሳይንስ የማይመች ስም!

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ወሎ ውስጥ የሪፈራል መመሪያ ይዘጋጃል እንበል። መጠይቁ እንዲህ ይላል፦ «ግፊቷ 150/100 የሆነ ነፍሰ ጡር፣ ራስ ምታት ባይኖራትም፣ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል ትላክ።» እያንዳንዱ ተጠያቂ ለብቻው ከ1 (ፈጽሞ አልስማማም) እስከ 9 (በጣም እስማማለሁ) ነጥብ ይሰጣል። ደሴ ያለው ስፔሻሊስት 4 ሰጠ። ደላንታ ያለችው አዋላጅ 9 ሰጠች፤ ምክንያቷንም ጻፈች፦ «በክረምት መንገዱ ይቆረጣል። ሲብስባት እንላካት ካልን አንደርስም።» በሁለተኛው ዙር የሁሉም ነጥብና ምክንያት ያለ ስም ይመለሳል። ስፔሻሊስቱ አንብቦ ወደ 8 ከፍ አደረገው። አዋላጇ ስብሰባ ላይ ብትሆን ኖሮ «ዶክተር እንዳሉት ነው» ብላ ታልፈው ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደማለት ነው። ስንት ከመቶ ሲስማማ «ተስማማን» እንደሚባል ግን ሥራው ሳይጀመር መቆረጥ አለበት። ብዙዎች 75 ወይም 80 ይላሉ። ውጤቱ ከታየ በኋላ መስፈሪያውን ማስተካከል ማጭበርበር ነው።

ስምምነት ማስረጃ አይደለም። መቶ ሐኪም አብሮ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት ሲገኝ የዴልፊው ውጤት ቦታ ይለቃል። ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ግን ማን ይጠየቅ የሚለው ነው። ተጠያቂዎቹ በሙሉ ደሴ የሚሠሩ ስፔሻሊስቶች ከሆኑ የደላንታን የክረምት መንገድ ማንም አያነሳውም።