«አንደኛ መሆን አልችልም፤ ሁለተኛ መባልን ክብሬ አይፈቅድም፤ ሙቶን ነኝ»

ይህን አባባል በጣም ነው የምወደው። በፈረንሳይኛ «ፕሪምዬ ን ፕዊ፣ ስጎን ን ዴኝ፣ ሙቶን ስዊ» ይባላል። «ሙቶን» በግ ማለት ነው። እዚህ ግን በፈረንሳይ፣ በቦርዶ አካባቢ፣ ፖያክ የሚገኝ የወይን እርሻ ስም ነው፦ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ።

እርሻውን ባሮን ናታኒኤል ደ ሮትሺልድ በ1853 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገዛው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1855፣ ዱብ ዕዳ መጣ። የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ወይኖች ደረጃ እንዲወጣላቸው ፈለገ። የቦርዶ የወይን ደላሎችም የገበያ ዋጋ እያዩ ደረጃ ሰጡ። ከሜዶክ አካባቢ ላፊት፣ ላቱር እና ማርጎ የተባሉት እርሻዎች፣ ከግራቭ አካባቢ ደግሞ ኦ ብሪዮን አንደኛ ተባሉ። ሙቶን ሁለተኛ ሆነ።

ቤተሰቡ ቁጭቱን የገለጸበት ቃል ሮሃን ከሚባሉት የፈረንሳይ መሳፍንት የተወሰደ ነው። እነሱ «ንጉሥ መሆን አልችልም፤ ልዑል መባልን ክብሬ አይፈቅድም፤ ሮሃን ነኝ» ይሉ ነበር። ልብ በሉ፣ የዛሬ ፈረንሳይኛ ከግሱ በፊት «እኔ» («ዡ») ማለትን ይጠይቃል፤ በአባባሉ ውስጥ ግን ይህ ቃል የለም። እንደኛው «አልችልም»፣ ግሱ ብቻውን ይናገራል። ጥንታዊና ኩሩ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ባሮን ፊሊፕ በ1922 እርሻውን ሲረከብ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ያኔ ወይኑ በበርሜል ለነጋዴ ይሸጣል፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚሞላው ነጋዴው ነው። መንገድ ላይ ምን እንደሚቀላቀልበት ማን ያውቃል? ፊሊፕ ከ1924 ምርት ጀምሮ ወይኑ በሙሉ እዚያው እርሻው ላይ እንዲታሸግ አደረገ። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ከ1945 ጀምሮ ደግሞ፣ ከጥቂት ዓመታት በቀር፣ በየዓመቱ አንድ ሠዓሊ ለጠርሙሱ ሥዕል ይሠራል።

ፊሊፕ ደረጃው እንዲስተካከል ለአሥርተ ዓመታት ደጅ ጠና። በመጨረሻ በ1973 የግብርና ሚኒስትሩ ዣክ ሺራክ ሙቶንን አንደኛ የሚያደርገውን ውሳኔ ፈረመ። አባባሉም ተቀየረ፦ «አንደኛ ነኝ፤ ሁለተኛ ነበርኩ፤ ሙቶን አይለወጥም።»

አሁን «እኔ» የሚለው ቃል ገብቷል፦ «ፕሪምዬ ዡ ስዊ»። መቶ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው «እኔ» ቢል አይፈረድበትም። የዚያን ዓመት ጠርሙስ ያስጌጠው በዚያው ዓመት የሞተው የፒካሶ ሥዕል ነው። ወይኑ ራሱ ግን፣ ዓመቱ ለቦርዶ ጥሩ ስላልነበር፣ ደከም ያለ ነበር።