የጓሮ ኩሬና አኳፖኒክስ በወሎ

አኳፖኒክስ ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውሃ የማልማት ዘዴ ነው። ዓሣው ከሚበላው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ሲጠራቀም ዓሣውን ይገድላል። ባክቴሪያዎች ግን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ለተክል ምግብ ነው። ተክሉ እሱን ሲወስድ ውሃው ጠርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል።

አብዛኛው ሰው ይህን የሚሠራው በፕላስቲክ ገንዳ ነው። በወሎ ገጠር ግን ዝናብ ለማቆር የተቆፈረና ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበት ኩሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ኩሬው ካለ ከባዱ ሥራ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። መብራት ሲጠፋም ከትንሽ ገንዳ የበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ነገር የለም።

ወሎ ላይ ዋናው ጥያቄ ከፍታ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቅርብ ብትሆንም ከ1,900 ሜትር ብዙም አትርቅም። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በደንብ የሚያድገው ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ነው። ውሃው ከ20 ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ከ12 በታች ሲሆን ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቆሮሶ ለኮምቦልቻ፣ ለከሚሴና ለቆቦ ይሆናል። ለደሴ ብርድን የሚችለው ካርፕ የተባለ ዓሣ ይሻላል። ቆሮሶ ለአካባቢው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው ከደሴ አቅራቢያ ባለው፣ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ጨምሮት ዛሬ የዓሣ አጥማጁ እንጀራ ሆኗል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከኩሬው አጠገብ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ፣ አትክልቱ የሚተከልበት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የጠጠር መደብ ይሠራል። ፓምፕ ውሃውን ወደ መደቡ ይገፋል፤ ውሃው በራሱ ቁልቁል ይመለሳል። ፓምፑ ጭቃ እንዳይስብ ከኩሬው ወለል ከፍ ይበል። ጠጠሩ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ አትጠቀሙበት። ኖራ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ ያደርጋል፣ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። ፒኤቹ 7 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ደጋ ላይ ከዚያም ይረዝማል። እዚህ ጋ መቸኮል ዓሣ ይጨርሳል።

ኩሬ ድካምም አለው። ፀሐይ የሚመታው ኩሬ አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው) ያበቅላል፣ አልጌው ደግሞ ናይትሬቱን ከአትክልቱ ይሻማል። ሌሊት ኦክስጅንም ይወስዳል። ዓሣ በአብዛኛው የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው። በሶላር ብቻ የሚሠራ ፓምፕ በዚያ ሰዓት አይደርስለትም። ስለዚህ ከፊሉን ጥላ አልብሱት፣ ዓሣውንም አታብዙ። አየር የሚነፋለት ገንዳ በ1,000 ሊትር እስከ 20 ኪሎ ዓሣ ሊይዝ ይችላል፤ ኩሬ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

የመደቡን ስፋት የሚወስነው የኩሬው ትልቅነት አይደለም፤ የምግቡ መጠን ነው። ለቅጠላ ቅጠል በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ ምግብ ይታሰባል። ምግቡ ካነሰ ጎመኑ ቢጫ ይሆናል። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና በሶብላ ለመጀመሪያ ይመከራሉ። ቃሪያና ቲማቲም ይከተሉ። ፀረ ተባይ ኬሚካል ግን በጭራሽ አይረጭም፤ ዓሣው አይችለውም።

ለወሎ ቤት ዓሣ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የሥጋ ነገር ሲመጣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እርዱን ይለያሉ። ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም። ጎረቤት ከጎረቤት ከአንድ ትሪ ይበላል።

ቆላ ላይ ወባ ስላለ የቆመ ውሃ ያሰጋል፤ ቆሮሶ ግን የትንኝ እጭ ይበላል። ልጆች እንዳይገቡ ዙሪያው ይታጠር። የዓሣ ጫጩት በፌስታል ሲመጣም ወዲያው አትድፉት። ከነፌስታሉ ኩሬው ላይ ሩብ ሰዓት ይንሳፈፍ፤ ሙቀቱ ሲመጣጠን ልቀቁት።