አቀንጭራና የገቢሳ ኤጀታ ማሽላ፦ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ቆቦ አካባቢ አጎቴ ማሳ ላይ አቀንጭራ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሮዝ አበባው ሲያዩት ያምራል፣ ማሽላው ግን ዝናብ ዘንቦም ቅጠሉ ጥቅልል ብሎ ውሃ እንደተከለከለ ይቆማል። ስለዚህ አረም ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጣው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እድሜ ልኩን የለፋበት ስራም በደንብ ስላልገባን ይቆጨኛል፣ ለዛ ነው ምጽፈው።

«ብቅ ሲል ነቅለህ ጣለው፣ ሰብሉ ይድናል»

አይድንም። ዘሩ እንደ ሱረት ደቃቅ ነው፣ አንዷ ተክል በአስር ሺዎች ትበትናለች፣ አፈር ውስጥም ከ10 አመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። ሲበቅል ቀጭን ስሩን ወደ ማሽላው ስር ልኮ ይጣበቃል፣ ሰርስሮ ይገባና ውሃና ምግቡን እየመጠጠ ለሳምንታት መሬት ውስጥ ይኖራል፣ አንተ አበባውን ስታየው ጉዳቱ ደርሷል። ቢሆንም ንቀለው፣ ዘር ሳይዝ ከነቀልከው የሚመጣውን አመት ታተርፋለህ።

«ማሽላው ራሱ ነው ጠላቱን ሚጠራው»

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከእርሻ ታሪክ ሁሉ በፊት የጀመረ ነው። የአቀንጭራ ዘር እርጥበት ስላገኘ ብቻ አይበቅልም፣ ከሰብሉ ስር የሚወጣ ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ሲደርሰው ነው ሚነቃው። ይሄ ኬሚካል መጀመሪያ የታወቀው በ1966 ከጥጥ ስር ነው፣ ግን ተክል ለምን ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ያመነጫል የሚለው ለአርባ አመት ገደማ መልስ አልነበረውም። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ፦ ጥሪው ለአቀንጭራ አይደለም፣ ከአፈር ፎስፈረስ እየለቀመ ለተክሉ ለሚያቀብል ፈንገስ ነው። ይሄ ሽርክና ደግሞ እጅግ ጥንታዊ ነው፣ ስኮትላንድ ራይኒ የሚባል ቦታ የተገኙ 407 ሚሊዮን አመት ገደማ የሆናቸው ቅሪተ አካሎች አሉ፣ ተክሎቹ ገና በወጉ ስር እንኳ አላወጡም፣ ሴላቸው ውስጥ ግን ፈንገሱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ይታያል። እና ማሽላ ዛሬ ሚጣራው፣ ተክል ገና ውሃ ለቆ የብስ ላይ ሲወጣ በነበረ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። አቀንጭራ በጣም ቆይቶ የመጣ ጆሮ ጠቢ ነው። ጆሮውም ከባዶ አልተፈጠረም፣ ሌሎች ተክሎችም ያላቸው ጂን እየተባዛና እየተለወጠ ሄዶ ነው እዚህ የደረሰው።

«መሬቱ ስለደከመ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ተክል ፈንገሱን አብዝቶ ይጣራል፣ ጥሪው ሲበዛ አቀንጭራውም ይበዛል። የገበሬው አይን አልሳተም ማለት ነው።

«የገቢሳ ማሽላ ጂኤምኦ (ጂኑ በላብራቶሪ የተቀየረ) ነው፣ አቀንጭራን ይመርዛል»

ሁለቱም ልክ አይደለም። ዝርያዎቹ የወጡት ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችውን መቋቋም በማዳቀልና በመምረጥ ነው። ገቢሳ አሜሪካ ባለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆኖ የአረሙን ህይወት ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ፣ ማሽላው የቱ ጋ ሊያመልጠው ይችላል ብሎ ነው የሄደበት። በ2017 ቡድኑ ያወጣው ጥናት ምስጢሩን በጂን ደረጃ አሳየ፦ ኤልጂኤስ1 የሚባለው ጂን ስራውን ያቆመባቸው ማሽላዎች መጣራታቸውን አልተዉም፣ የሚያወጡት ስትራይጎላክቶን ነው የተቀየረው፣ ኦሮባንኮል የሚባለው በዛ፣ ይሄኛው ደግሞ የአቀንጭራን ዘር እምብዛም አይቀሰቅስም። ፈንገሱ ግን ኦሮባንኮልንም ይሰማል። እኔ ይሄን ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ወዳጅ እየሰማ ጠላት የማይሰማው ድምጽ ማለት እኮ ነው!

«አንድ ዘር አገኘና ተሸለመ»

በ2009 የአለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው የወሎንኮሚ ልጅ፣ ከዛ በፊት ሱዳን ላይ ድርቅ የሚቋቋም ሀገን ዱራ 1 የሚባል ሀይብሪድ ማሽላ አውጥቷል። አቀንጭራው ከዛ በኋላ የመጣ የብዙ አመት ስራ ነው።

«ጎብዬን ወይ አብሽርን ከዘራሁ አበቃ»

ሁለቱ እዚህ አገር ለገበሬ የቀረቡ ተቋቋሚ ዝርያዎች ናቸው። ተቋቋሚ ማለት ግን ጨርሶ አይነካም ማለት አይደለም፣ ከማዳበሪያና ማሳው ውስጥ ውሃ ከሚያቁር ቦይ ጋር አብረው ሲሆኑ ነው ምርቱ ሚታየው፣ በተለይ አፈሩ ውስጥ የአመታት ዘር ለተከማቸበት ማሳ።