የ40 ዶላሯ ማጫወቻ ፒኤስ 2 አትችልም፤ ሌሎችም የተለመዱ ስህተቶች

ሰሞኑን ከዘመድ ከወዳጅ በብዛት የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ያቺን ትንሿን የድሮ ጌም ማጫወቻ ከውጭ ላስመጣ ነው፣ የትኛዋ ትሻላለች?» ጥያቄው ቀላል ነው። ከባዱ ጠያቂው አስቀድሞ ይዞት የሚመጣው ግምት ነው፤ አብዛኛው ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የተለቀመ። ስለዚህ ደጋግሜ የምመልሰውን ሁሉ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ለማያውቃቸው፣ እነዚህ ማጫወቻዎች ስክሪንና ቁልፎች ያሏቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ኪስ ይገባሉ። ውስጣቸው ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሥራውም የድሮውን ኮንሶል፣ ማለትም የጌም ማሽን፣ ማስመሰል ነው። ጌሙ ይታለላል፤ አሁንም ከዚያ ከወፍራሙ ቴሌቪዥን ሥር የተቀመጠ ይመስለዋል። (ፒኤስ ስል ፕሌይስቴሽን ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ርካሿም ብትሆን ፒኤስ 2 ታጫውታለች አሉኝ»

አታጫውትም። ይኼን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የኛ አገር ልጅ «የድሮ ጌም» ሲል ብዙ ጊዜ ከፕሌይስቴሽን በፊት የነበረውን ሱፐር ኒንቴንዶ ማለቱ አይደለም። ትዝ የሚለው የሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተራ የሚጠብቅ ልጅ፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ የኳስ ጌሙ ፒኢኤስ 6። ያ ደግሞ የፒኤስ 2 ትዝታ ነው። እና ሰውየው 40 ዶላር ከፍሎ፣ ሁለት ወር ጠብቆ፣ ስትደርስለት የሚፈልጋት አንዲት ጌም አትከፍትለትም።

እንደ አር36ኤስ፣ ሚዩ ሚኒ ፕላስ ወይም የአንበርኒክ አርጂ35ኤክስኤክስ ያሉት ርካሾቹ ማጫወቻዎች እስከ ፒኤስ 1 ድረስ ጎበዞች ናቸው። ከዚያ በላይ እንደ ማሽኗ አቅም ቀለል ያሉ ጥቂት ጌሞች ሊሄዱ ይችላሉ። ፒኤስ 2 ግን ጭራሽ አይታሰብም።

እዚህ ላይ ብልጥ የሆነ ሰው ይከራከረኛል። «ፒኤስ 2 እኮ የ2000 ማሽን ነው፤ ፕሮሰሰሩ 294 ሜጋኸርዝ። ይቺ አራት ኮር አላት፣ እያንዳንዱ ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ። እንዴት ያቅታታል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ኢሙሌተር ጌሙን ብቻ ሳይሆን ማሽኑን እንዳለ በሶፍትዌር መሥራት አለበት የሚል ነው። እንደ አስተርጓሚ አስቡት። አንድ ሰው ሲናገር መተርጎም ይቻላል። ፒኤስ 2 ውስጥ ግን ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ ሁለት የቬክተር ማስሊያዎች፣ የግራፊክስ ቺፕ፣ የድምፅ ቺፕ፣ እንዲያውም የፒኤስ 1 ፕሮሰሰር ራሱ ተቀምጠው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። አስተርጓሚው የሁሉንም፣ በሰዓቱ፣ ሳያምታታ ማድረስ አለበት። ከዘገየ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ተጫዋቾቹም በውኃ ውስጥ የሚሮጡ ይመስላሉ። ሱፐር ኒንቴንዶ 3.58 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበረች፤ እሷን አንዳች ሳይስት ለማስመሰል የተጻፈው ቢኤስኔስ የተባለው ኢሙሌተር ግን በጊዜው ደህና ጉልበት ያለው ኮምፒውተር ይፈልግ ነበር።

የግድ ፒኤስ 2 እንጫወታለን ካላችሁ እንግዲህ 200 ዶላር አካባቢ አዘጋጁ። ሬትሮይድ ፖኬት 5 የምትባለው ማጫወቻ ስናፕድራገን 865 የሚባል ጠንካራ ፕሮሰሰር ስላላት አብዛኛውን ትችላለች፤ ሁሉንም አላልኩም። ስቲም ዴክ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፣ ዋጋውም ክብደቱም እንዲሁ። ሌላም መንገድ አለ፣ ግን ማንም አይሰማኝም፦ የናፈቃችሁ ፒኢኤስ 6 ብቻ ከሆነ የኮምፒውተር ቅጂ ስላለው ቤት የተጣለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ጆይስቲክ ገዝታችሁ ገላገሉን።

«10,000 ጌም ተጭኖባታል»

በልጅነታችን በቴሌቪዥን የሚሰካውን ጌም የተጫወተ ሰው ይኼን ማታለያ ያውቀዋል። ካሴቱ ላይ «9999 በ1» ተብሎ ተጽፏል። ሲሰካ እውነተኛው ጌም ቢበዛ ጥቂት ነው፤ የቀረው ያው ጌም ስሙን እየቀየረ፣ አንዴ ከሦስተኛው ዙር እየጀመረ፣ አንዴ ቀለሙን እየለወጠ የሚመጣ ነው። ዛሬም ሥራው ያው ነው። አንዱ ጌም በጃፓን ቅጂ፣ በአሜሪካ ቅጂ፣ በአውሮፓ ቅጂ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የነካካው ቅጂ ተደርድሮ አራት ተብሎ ይቆጠራል። በነገራችን ላይ ከአራቱ የአሜሪካውን ምረጡ። የአውሮፓው ለ50 ኸርዝ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከ60 ኸርዙ ይንቀራፈፋል፣ ሙዚቃውም ጭምር።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበው ካርዱ ነው። አብሯት የሚመጣው ሚሞሪ ካርድ ብዙውን ጊዜ ስም የለሽ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ ማጫወቻ ላይ የነበረው ሦስት ወር ሠርቶ አንድ ቀን ጠዋት ጥቁር ስክሪን ሆነ። ጌሞቹን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ሴቭ ያደረግኩት 40 ሰዓት ግን ሄደ፤ ላንቃዬ ደረቀ። እና ማሽኗ በደረሰች ቀን፣ ከመጫወታችሁ በፊት፣ ካርዱን አውጥታችሁ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት፤ ከዚያ ስሙ የታወቀ ካርድ ገዝታችሁ ወደሱ አዛውሩት።

ትልቅ ካርድም አያስፈልግም። የሱፐር ኒንቴንዶ ትልቁ ጌም 6 ሜጋባይት ነው። በእጅ የሚያዘው የጌም ቦይ አድቫንስ እስከ 32፣ የኒንቴንዶ 64 እስከ 64 ሜጋባይት። ቦታ የሚበላው ፒኤስ 1 ነው፤ አንድ ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት ይደርሳል። 64 ጊጋባይት ለአብዛኛው ሰው ይተርፋል።

«ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ይሻላል»

እኔ በበኩሌ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ስክሪኑን ነው እላለሁ፣ ግን ስፋቱን ሳይሆን ቅርጹን። ትልቅ ምጣድ ስላለ እንጀራው አይሰፋም፤ ሊጡ ይወስናል። የድሮ ጌም ሊጡ የተለካ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚሠሩት ሱፐር ኒንቴንዶና ፒኤስ 1 የድሮውን ቴሌቪዥን ቅርጽ፣ 4 ለ3ን፣ ይዘው ነው የተሠሩት። የ1989ኙ ጌም ቦይ 160 በ144 ነጥብ (ፒክስል) ነው፣ ወደ ካሬ የተጠጋ። ጌም ቦይ አድቫንስ 240 በ160፣ ማለትም 3 ለ2። የሶኒ የእጅ ማጫወቻ የሆነው ፒኤስፒ 480 በ272፣ እንደዛሬ ቴሌቪዥን የተለጠጠ።

እስኪ አስሉት። ሬትሮይድ ፖኬት 5 ስክሪኗ 5.5 ኢንች ነው፣ 16 ለ9። ፒኤስ 1 ስትከፍቱባት በግራና በቀኝ ጥቁር ይሆንና ሥዕሉ 4.5 ኢንች ብቻ ይቀራል። ምንም አይደለም፣ አሁንም ትልቅ ነው። ችግሩ በተገላቢጦሽ ነው የሚከፋው። ባለ 3.5 ኢንች፣ 4 ለ3 ስክሪን ላይ ፒኤስፒ ስታጫውቱ ሥዕሉ 3.2 ኢንች ይሆናል፤ የፒኤስፒ የራሱ ስክሪን 4.3 ኢንች ነበር። የተጫዋቹን ስም ለማንበብ ዓይን ማጥበብ ነው እንግዲህ።

ሌላም ነገር አለ፣ የነጥቦቹ ብዜት። ጌም ቦይ አድቫንስን 640 በ480 ስክሪን ላይ ብትሞሉት ወርዱ 2.67 እጥፍ ይሆናል። ነጥብ ደግሞ ለሦስት አይሸረፍም፤ ወይ አንዱ ወፍሮ ጎረቤቱ ይቀጥናል፣ ወይ ሁሉም ይደበዝዛል። አንበርኒክ አርጂ34ኤክስኤክስ ስክሪኗ 720 በ480 የሆነው በዋዛ አይደለም፤ ልክ 3 እጥፍ ነው። አናሎግ ፖኬት ደግሞ 1600 በ1440 ሲሆን ለመጀመሪያው ጌም ቦይ ልክ 10 እጥፍ ነው። አንዴ ይኼን ያየ ሰው ወደ ድብዝዙ መመለስ ይከብደዋል፣ ከራሴ ነው የምነግራችሁ። ፖኪሞን ብቻ ልትጫወት የምትፈልግ አንዲት ጓደኛዬ የአርጂ34ኤክስኤክስን ምክር ሰምታ እስከዛሬ ታመሰግነኛለች።

«ስቲክ የሌላት ጎዶሎ ናት»

ስቲክ የምለው በአውራ ጣት የሚገፋውን ትንሽ ዘንግ ነው። ለኒንቴንዶ 64 አዎ፣ ያለ ስቲክ አይሆንም። ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ፣ ጌም ቦይ፣ ጌም ቦይ አድቫንስ ግን ስቲክ የሚባል አያውቁም። ፒኤስ 1 እንኳ ስትወጣ ጆይስቲኳ ላይ ስቲክ አልነበረም፤ የመጣው በ1997 ነው። በመስቀሉ ቁልፍ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉንም ሲያሸንፍ አይታችሁ የለም?

«አንድሮይድ ያላት ትሻላለች፣ ሁሉ ይጫንባታላ»

ሁሉ ይጫንባታል፣ ልክ ነው። የሚጭነው ግን ማነው? እናንተ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ኮንሶል ኢሙሌተር ማውረድ፣ ፎልደሩን ማሳየት፣ ቁልፎቹን ማስተካከል፣ ከዚያ የሆነ ጌም ሀንግ ሲያደርግ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፈለግ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል። ይኼ የሚያስደስተው ሰው አለ (እኔ አንዱ ነኝ፣ ባለቤቴ ትመስክር)። ግን ለአባታችሁ ወይም ለስምንት ዓመት ልጅ የምትገዙ ከሆነ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም የሚሠሩት ቀላሎቹ ይሻላሉ። ሚዩ ሚኒ ፕላስ ላይ ኦኒየን የሚባለውን ሲስተም ስትጭኑባት፣ ስታጠፏት ጌሙን ካቆማችሁበት ታስቀምጣለች፣ ስትከፍቷት እዚያው ትመልሳችኋለች። ታክሲ ውስጥ ይኼ ከምንም በላይ ነው። ሊኑክስ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ፤ እሱን ጭራሽ አታዩትም።

«ስልክ ላይ አይሆንም»

ይሆናል። እንዲያውም ብዙ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ከ40 ዶላሯ ማጫወቻ ይበልጣል። አይፎን ለዓመታት ኢሙሌተር ይከለክል ነበር፤ በሚያዝያ 2024 አፕል ፈቀደ፣ ዴልታ የሚባለውም ወዲያው ገባ። አንድሮይድ ላይማ ድሮም ነበር፤ የፒኤስፒ ኢሙሌተሩ ፒፒኤስኤስፒፒ ከ2012 ጀምሮ አለ። የጎደለው ቁልፍ ነው። መስታወት ላይ በአውራ ጣት ማርዮን ማዝለል ቅጣት ነው፤ ስለዚህ ስልኩን መሐል አስገብቶ የሚይዝ ወይም በብሉቱዝ የሚገናኝ ጆይስቲክ ግዙ። እዚህ አገር ላለ ሰው፣ በዚህ ምንዛሪ፣ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይኼ ነው ባይ ነኝ። ጉዳቱ የስልኩ ባትሪ ያልቃል፣ ጎል ልታገቡም ስትሉ ሰው ይደውላል።

«ጌሙ አርጅቷል፣ የማንም አይደለም»

ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ነው። ኢሙሌተሩ ራሱ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኩባንያ የፒኤስ 1 ኢሙሌተር ሠራህ ብሎ ከሶት በ2000 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ጌሙ ግን ሌላ ነው። መሸጥ ስላቆመ ባለቤቱ አይጠፋም፤ በአሜሪካ የኩባንያ ሥራ ከታተመ በኋላ መብቱ 95 ዓመት ይቆያል። የ1985ቱ ሱፐር ማርዮ ብሮስ ነፃ ሲወጣ እኛ አንኖርም። አዲስ ኮንሶል መንካት ደግሞ ይብሳል፦ የኒንቴንዶ ስዊች ኢሙሌተር የነበረው ዩዙ በመጋቢት 2024 ኒንቴንዶ ከሶት 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ተዘጋ። ተጭነው የሚመጡት 10,000ዎቹም ፈቃድ ያላቸው አይምሰላችሁ።

«ቻርጀር ቻርጀር ነው»

ማሽኗ ደረሰች፣ የላፕቶፑን ወይም የአዲሱን ስልክ ፈጣን ቻርጀር ሰካችሁ፣ ምንም የለም። ሞታ መጣች ብላችሁ ወደ ሻጩ ከመደወላችሁ በፊት ገመዱን እዩት። ሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ-ሲ ከሆነ ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቻርጀር መብራት የሚለቀው ከወዲያ ያለው ዕቃ «እዚህ ነኝ» ሲለው ነው፤ ያንን የሚሉት ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ሲሆኑ አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ አምራቹ ሳንቲም ለመቆጠብ ትቷቸዋል። መሳቢያ ውስጥ የተወረወረውን የድሮ የስልክ ቻርጀር፣ ያንን ሰፊ አፍ ያለውን፣ ፈልጉና በሱ ሞክሩት።