ዌይል ሴሚሜታል ምንድን ነው? ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ሲጋጩስ ምን ይሆናል?

መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይከብደዋል። በክፍል ሙቀት አካባቢ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ በ0.4 በመቶ ገደማ ያድጋል። የሚንቀጠቀጡት አተሞች ኤሌክትሮኖቹን መንገድ ላይ ያደናቅፏቸዋል። ዌይል ሴሚሜታል የሚባለው ቁስ ግን፣ በጣም ንጹህ ከሆነ፣ ሲሞቅ ይበልጥ ያስተላልፋል። ለአስተላላፊነቱ ልክ የሚያበጁለትም ራሳቸው ኤሌክትሮኖቹ ናቸው።

በጠጣር ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚይዙት ጉልበት ባንድ በሚባሉ እርከኖች የተከፈለ ነው። ታችኛው ባንድ ሞልቶ፣ ላይኛው ባዶ ሆኖ፣ መሃላቸው ሰፊ ክፍተት ካለ ኤሌክትሪክ አያልፍም። በዌይል ሴሚሜታል ሁለቱ ባንዶች በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ይነካካሉ። በነዚያ ነጥቦች አቅራቢያ ኤሌክትሮኑ ክብደት እንደሌለው ቅንጣት ይሆናል። የሂሳብ ሊቁ ሄርማን ዌይል የዚህ ዓይነቱን ቅንጣት እኩልታ የጻፈው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። በክሪስታል ውስጥ የታየው ግን በ2015 ነው፤ ታንታለም አርሰናይድ ውስጥ።

ሙቀት ዜሮ ኬልቪን ላይ፣ ማለትም ከዚያ በታች ቅዝቃዜ በሌለበት ልክ ላይ፣ ሲሆን የሚንቀሳቀስ ቻርጅ የለም ማለት ይቻላል። ሲሞቅ አንዳንዱ ኤሌክትሮን ወደ ላይ ይዘላል፤ ታች ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶው ቦታ ሆል ይባላል፤ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይንቀሳቀሳል።

እኔን በጣም የሚማርከኝ እዚህ ጋ የሚመጣው ነው። በተራ ብረት ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲጋጩ አንዱ ያጣውን ሞመንተም (የእንቅስቃሴ መጠን) ሌላው ያገኘዋል። ድምሩ አይነካም፣ ከረንቱም ብዙ አይጎዳም። እዚህ ግን ባትሪ ሲገናኝ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንድ፣ ሆሎቹ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳሉ። ፊት ለፊት ይላተማሉ። የሁለቱ ሞመንተም ሲደመር ዜሮ ነበር፣ ከግጭቱ በኋላም ዜሮ ነው። ከረንቱ ግን ይሞታል። ስለዚህ ምንም እንከን የሌለው ክሪስታል እንኳ አስተላላፊነቱ ልክ አለው።

ልኩ ስንት ነው? ሂሳቡ ቀላል ነው። የቻርጆቹ ብዛት በሙቀቱ ኩብ ያድጋል፣ ምክንያቱም ቁሱ ባለ ሦስት አቅጣጫ ነው። ክብደት የላቸውም ብንልም ጉልበታቸው ራሱ እንደ ክብደት ይጫናቸዋል፤ ይህም ከሙቀቱ ጋር እኩል ይጨምራል። በሁለት ግጭት መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ በዚያው መጠን ያጥራል። ኩቡን ሁለት ጊዜ በሙቀቱ ስናካፍለው ሙቀቱ ራሱ ይቀራል። በኬልቪን ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን አስተላላፊነቱም እጥፍ ገደማ ይሆናል።

"ገደማ" ያልኩት በምክንያት ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ የሚገፋፉበት ኃይል ቀስ በቀስ ይዳከማል። በሎጋሪዝም ልክ ስለሆነ ለውጡ አዝጋሚ ነው። አስተላላፊነቱ ከሙቀቱ ጋር ሲያድግ የሚያሳየው መስመር በትንሹ የሚታጠፈው ለዚህ ነው።

በእጃችን ያሉት ክሪስታሎች ግን ባዕድ አተሞች አሉባቸው። ባንዶቹ የሚነካኩበት ነጥብም ኤሌክትሮኖቹ ሞልተው ከቆሙበት ከፍታ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። መስመሩን ጥርት አድርጎ ማየት ከባድ የሚሆነው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው።